የተሻሻለው ኤልያስ

ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ አንድ ጥያቄ አለው። «ሶሲ፣ ውሉን ሳታነቢ ነው እንዴ የፈረምሽው?» ይለኛል። ኧረ ወዲያ! አንብቤዋለሁ። ቤቴ አንብቤዋለሁ፣ ቢሮዬ አንብቤዋለሁ፣ ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አምቦ ውሃውን ሲጎነጭም አንብቤዋለሁ። ሳያነቡ የሚፈርሙ ሞልተዋል፣ እኔ ግን አንብቤ ነው ጉድ የሆንኩት። መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝና ወደ ነገሩ ልግባ።

ነገሩ የታላቅ ወንድሜ የኤልያስ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ጅማ ሄርማታ ካለው ቤታችን ከእራት ላይ አንስተው ወሰዱት። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉን። እናቴ ወርቂቱ ሳህኑን ከድና አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲያ ያለውን በየቤቱ የደረሰበት ያውቀዋል። ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ይቀበሏታል፤ አንድ ቀን «እዚህ የለም፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አሏት። የት ሄደ ብትል መልስ የለም። ሞተ ወይ ብትልም መልስ የለም።

ሬሳ ያላየ ሰው እንዴት ብሎ እርም ያወጣል? እናቴ ለልጇ አላለቀሰችም፣ ድንኳን አልጣለችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ዓይኗ አይረጥብም ነበር፤ «ለልጄ ሟርት ይሆንበታል» ትላለች። ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች ሲከፈቱ በር ላይ ቆማ የሚወጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየች። ኤልያስ አልወጣም። ያን ጊዜም «ሌላ በር ይኖራል» ብላ ተመለሰች። ሰው በልጁ ተስፋ አይቆርጥም ይላሉ፤ እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ተስፋ አለመቁረጥ የሚባለው ነገር እናቴን ከውስጥ በላት።

እውነቱን ያገኘሁት አጋሮ ነው። እኔ የምሠራው ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ ለገበሬ የሚበተን ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ለሥራ አጋሮ በሄድኩበት ሸኩር የሚባል ልብስ ሰፊ የአባቴን ስም ሰምቶ ቀና አለና «የኤልያስ እህት ነሽ?» አለኝ። አንድ ክፍል ታስረው ነበር። «ወላሂ አልዋሽሽም» አለኝ፣ መቀሱን አስቀምጦ። «ሌሊት ስሙን ጠርተው አወጡት። ተኩሱን ሰማን። በማግሥቱ ጠባቂው የኤልያስን ጫማ አድርጎ ገባ። አላህ ይርሐመው፣ እህቴ። ይሄን ለማን ልንገር ስል ነው የኖርኩት።»

ይሄን ለእናቴ በአፌ መንገር አቃተኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከተወለደበት ጀምሬ፣ ጅሬን ዳገት ላይ ኳስ ሲጫወት፣ እኔን ፊደል ሲያስቆጥረኝ፣ ሲወሰድ፣ እስከ ጫማው ድረስ። ስሙንም አልቀየርኩም። ዓመታት ፈጀብኝ። ሲያልቅ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእናቴ ማንበብ ጀመርኩ፤ እሷ ማንበብ አትችልም። ጫማው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ቡኒውን?»

«ቡኒውን፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሞቷል» አለች። «እኔ የገዛሁለትን ጫማ በቁሙ ለሰው አይሰጥም።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤቱ በሙሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ድንኳን ተጣለ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ሸኩር ከአጋሮ ድረስ መጥቶ ከእናቴ እግር ሥር ተቀመጠ። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ሰው በጥቁር ልብስ ሲያምር ያየሁት ያኔ ነው፤ መብላት ጀመረች፣ መተኛት ጀመረች፣ «አሁንማ የት እንዳለ አውቃለሁ» ትል ነበር። ያ መጽሐፍ ለኔ ይሄ ነው። ለዝና አልጻፍኩትም፣ ለገንዘብም አልጻፍኩትም። እናቴ በሱ እርሟን አወጣች።

ልክ እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን ያነበበው ሁሉ «ይታተም እንጂ» አለኝ። እውነት ነው፣ እንደ እናቴ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ስንት ቤት አለ። ረቂቁን አዲስ አበባ ላለ አሳታሚ ላክሁት። አቶ አብተው ይባላል። ራሱ ጅማ ድረስ መጣ፤ ሙሉ ልብስ፣ ወፍራም ቀለበት፣ ምላሱ ቅቤ። «እህቴ፣ ሳነበው እንባዬን መግታት አቃተኝ» አለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን አንድዬ ይወቀው።

ውሉን አመጣ። እንዳልኳችሁ አነበብኩት። ደግሞም ተከራክሬያለሁ! ሽፋኑ ላይ ደም የሚፈስበት ሥዕል እንዳይደረግ ብዬ ተከራከርኩ፣ አስገባልኝ። መቼ እንደሚታተም ቀኑ ይጻፍ አልኩ፣ ተጻፈ። ለኔ የሚሰጠኝ መጽሐፍ ቁጥር ይጨመር አልኩ፣ ተጨመረ። «ወይ አንቺ! የጅማ ቡና ነጋዴ ነሽ እኮ» እያለ ይስቃል። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ልቤ አበጠ።

ስድስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አሳታሚው ድርሰቱን እንደ አስፈላጊነቱ የማሻሻል፣ በኅትመትም ሆነ በሬዲዮ የማሰራጨት ሙሉ መብት ይኖረዋል።» አነበብኩትና አለፍኩት። ለምን አላልፈው? ማሻሻል! እኔ በዚህ ቃል ነው እንጀራዬን የምበላው። የተሻሻለ ዘር፣ የተሻሻለ ችግኝ፣ የተሻሻለ አመራረት፤ ጠዋት ማታ የምጽፈው ይሄንኑ ነው። ጅማ ላይ ይሄን ቃል የሚጠላ ገበሬ የለም፤ በሽታ ቡናውን ጠራርጎ ሲወስድበት ያዳነው የተሻሻለው ነው። ስለዚህ ፊደል የተገደፈውን ያርሙልኛል፣ ነጥብ የጎደለውን ይሞላሉ፣ እሰይ ይበጃል አልኩ። የተሻሻለው ሊተከል ሲመጣ ነባሩ ከነሥሩ እንደሚነቀል ለገበሬው የምነግረው እኔው ራሴ ነኝ። ለራሴ ሲሆን አልታየኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ያውላችሁ ተመነጠርኩ።

መጽሐፉ ወጣ ተባለ። የኔ ድርሻ ገና ጅማ ሳይደርስ በሬዲዮ ይነበብ ጀመር። እናቴ ደስታዋ! ልክ ንባቡ ሲጀምር «ደራሲ ሶስና» ብለው ከነአባቴ ስም ሲጠሩ እጇን አፏ ላይ ጭና ትሰማለች። እስከ መታሰሩ ድረስ አንድ ላይ ሰማን፤ ቃል በቃል የኔው ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ የተነበበ ዕለት እኔ ለመስክ ሥራ አጋሮ ነበርኩ።

ስመለስ ከመንገድ እልልታ ሰማሁ። የማን ሠርግ ነው ብዬ ስገባ እናቴ ጥቁሯን አውልቃ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ግቢው መሀል ቆማለች። ሴቶቹ ከበዋታል፤ ገሚሱ እልል ይላል፣ ገሚሱ እኔን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ገፋ አድርጋኝ ትከሻዬን በጥፊ መታችኝ።

«አንቺ ጉደኛ! ይሄን ደብቀሽኝ ነው? አስለቅሰሽኝ!»

«ምኑን እማዬ?»

«ከመኪናው መዝለሉን! ጊቤን ዋኝቶ መሻገሩን! ሱዳን መግባቱን!»

መጽሐፉን ገበያ ካለ ሱቅ ገዝቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩት። ጫማው የለም። ሸኩር የለም። ኤልያስ ሊረሸን ሲወሰድ ጊቤ ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና ይዘልላል፣ ጥይት እንደ በረዶ ይወርድበታል፣ እሱ ግን ይዋኛል፣ ሱዳን ይገባል፣ ካርቱም ላይ ሆኖ «እናቴ፣ እመለሳለሁ» ይላል። ይሄን የጻፈው ሰው ጊቤን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የኔ ነው።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ አዲስ አበባ ሄድኩ። አቶ አብተው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ጭራሽ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል።

«ወንድሜን ምን አደረጉት?» አልኩት።

«አተረፍነው እንጂ ምን አደረግነው?» አለ። «እህቴ፣ አንባቢው የሚሞት ጀግና ሰልችቶታል። አየሽ፣ መጽሐፉን ሰው እየተሻማው ነው። አሻሻልንልሽ።»

«እናቴ ልጄ በሕይወት አለ ብላ ልብሷን ቀይራለች!»

ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ውሉን አወጣ፣ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ፊርማው ያንቺ አይደለም?» አለኝ። የኔ ነው።

ጅማ ተመልሼ ነጋሳ ዘንድ ሄድኩ። ነጋሳ ጠበቃ ነው፤ የኤልያስ የክፍል ጓደኛ ነበር፣ እናቴን እማማ እያለ ነው ያደገው። ውሉን አንብቦ ራሱን ያዘ፤ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

«ያ ሶሲ! ይሄ ቃል እናንተ ቢሮ ችግኝ ነው፣ ፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው። አዋጅ ተሻሻለ ሲባል ሰምተሽ አታውቂም? የነበረው ተሰርዞ በሌላ ተተካ ማለት እኮ ነው!»

«እንክሰሰው።»

«እንክሰሰው። ግን ማሎ፣ እባክሽ አስቢበት፣ ዓመታት ነው የሚፈጀው። እማማ እስከዚያ ምን ትሁን?»

እሱ ነው ጭንቁ። እናቴን «ውሸት ነው፣ ሰውየው ነው የቀየረው» ስላት ትስቃለች። ስለምናት ትቆጣለች። «አንቺ የጻፍሽውን ሬዲዮ አነበበ፣ አገር ሰማ፤ አሁን ምን ነክቶሽ ነው የምትክጂው? ሰው እንዳይሰልልበት ነው?» ትለኛለች። ቄሱ ጋ ሄዳ የኤልያስን ስም ከሙታን ጸሎት አስወጣች። «በቁሙ ፍትሐት አስደርጌበት፣ ይቅር በለኝ» እያለች ንስሐ ገባች! በወሩ ደግሞ ጥቅሏን ይዛ ጠፋች። ጋምቤላ ሄጄ፣ ከዚያ ሱዳን እሻገራለሁ ብላ ኖሯል። ሸኩር አጋሮ መናኸሪያ ላይ አይቷት፣ ለምኖ፣ ደግፎ አመጣት። ጉልበቷ የማይታጠፍ፣ ልቧ የሚደክም አሮጊት! መንገድ ላይ እንደምትሞት ሁላችንም አውቀናል። እሷ ግን «ክረምቱ ይውጣ እንጂ እሄዳለሁ» አለች።

በዚያ ሰሞን አቶ አብተው ቢሮዬ ስልክ ደወለ። አንባቢው ኤልያስ ሱዳን ገብቶ ምን ሆነ እያለ ነው፣ ክፍል ሁለትን ጻፊ፣ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋው ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። እናቴ እኔን አታምንም፤ ሬዲዮን ግን ታምናለች። ሬዲዮ ያዳነውን ሬዲዮ ይቅበረው።

ነጋሳን ይዤ ሄድኩ። በዚህኛው ውል አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም። ነጋሳ ግሱን ሁሉ እያወጣ ያስነብበኛል፤ ማሻሻል ይሰረዝ፣ ማስተካከል ይሰረዝ፣ ማሳጠር ይሰረዝ፣ ማዳበር ይሰረዝ። በምትኩ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ጠየቅን፦ «ያለ ደራሲዋ የጽሑፍ ፈቃድ ከድርሰቱ አንዲት ፊደል አይጨመርም፣ አይቀነስም፣ አይለወጥም፤ የመጨረሻው ምዕራፍም እንደተጻፈ በሬዲዮ ይነበባል።»

አብተው መነጽሩን አወለቀ። «ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይሞታል» አልኩት። «ጊቤም ሱዳንም እስር ቤት ሆኖ ያየው ሕልም ነው። ሲነጋ ስሙን ይጠሩታል።»

«እህቴ፣ ገበያ ላይ ያለውን መጽሐፌን ልትገድዪብኝ ነው እኮ!»

«እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው።»

ግማሽ ቀን ተከራከርን። መጀመሪያ ያግባ አለ፣ እምቢ። ክፍል ሦስት ላይ ይሙት አለ፣ እምቢ። በመጨረሻ ተለሳለሰና የራሱን አመጣ። «እሺ፣ ይሙትልሽ። ግን ራሷ አድና ራሷ ገደለችው ተብሎ መሳቂያ አልሆንም። ያንቺ ስም አይኖርበትም። የብዕር ስም ይውጣለት። ክፍያም የለም።» ገባኝ፤ ሰው ካልወደደው «ይሄ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊጥለው፣ የኤልያስን ካርቱም ሊቀጥል ነው።

ነጋሳ ክንዴን ይዞ ኮሪደር ላይ አወጣኝ። «ክፍያውን ተዪው፣ ስምሽን ግን አትስጪ። ማሎ ሶሲ! የደራሲ ዋሱ ስሙ ነው።»

«ስሜ ለእናቴ ምን ያደርግላታል?» አልኩት። ተመልሼ ገባሁና ፈረምኩ። ስመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ፣ ግን የደስታ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር አስገብቻታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሸንፌ አላውቅም።

በፍጥነት ጻፍኩት። አጭር ነው። ሸኩርን መለስኩት፣ ቡኒውን ጫማ መለስኩት። አብተውም ቃሉን ጠበቀ፤ አንዲት ፊደል አልነካም። መስከረም ላይ በሬዲዮ መነበብ ጀመረ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የደረሰ ዕለት ነጋሳን ቤት ጠራሁት። ከእናቴ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። አንባቢው «ደራሲ የጊቤ ልጅ» አለና ጀመረ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስሙ ሲጠራ አልተንቀሳቀሰችም። ተኩሱ ጋ ነጠላዋን ጨመደደች። ጠባቂው በጫማው ሲገባ ነጋሳ ፊቱን ሸፈነ፤ እኔ የእናቴን እጅ ያዝኩ። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አምላኬ ሆይ፣ ታልቅስልኝ እያልኩ ጠበቅሁ። ንባቡ አለቀ። እናቴ እጇን ከእጄ አወጣች፣ ተነስታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«የጊቤ ልጅ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አንቺማ ሶስና ነሽ። ያንቺ ሲነበብ ከነአባትሽ ስም ጠርተው ነው። ይሄ ስሙን የደበቀ ሰው ነው። እውነት የያዘ ሰው ስሙን ይደብቃል? ያኔም በር አንኳኩተው የወሰዱት ሰዎች ስማቸውን አልነገሩንም።»

ነጋሳ እግሯ ላይ ወደቀ። «እማማ፣ እውነቷን ነው፣ ውሉ ሲፈረም እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ስሟን አሳልፋ ሰጥታ ነው...»

«ተነስ ነጋሳ። ልሄድ ስለሆነ ተባብራችሁ ልታስቀሩኝ ነው። አውቄባችኋለሁ።»

ጮህኩ። እኔ እንጃ ምን ምን እንዳልኩ፤ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩት!» ሳልል አልቀረሁም። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና እንደ ሕፃን ልጅ እያባበለች አየችኝ።

«አንቺ ወንድምሽን አትገድዪም፣ ልጄ» አለችኝ። «አውቅሻለሁ።»

እኔ ሥራ በገባሁበት ጠዋት ሄደች። በዚህኛው ጊዜ ሸኩርም አላያትም፤ በአጋሮ አላቆመችም። በደሌን አልፋ ጎሬ ደርሳለች። እዚያ መናኸሪያ ላይ ታማ ወድቃ፣ የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ፣ የጎሬ ምዕመናን ቀበሯት። ወሬው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። አብተው የካርቱሙን መጽሐፍ በስሜ እንደገና አሳትሞታል፣ ያንኛውን፣ የጊቤ ልጅን፣ ማንም አይገዛውም። ቄሱ ለእናቴ ፍትሐት ስጠይቀው «ሬሳዋን አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም አልኩት። የሁለቱንም አላየሁም።